ፍርሃትን በሙከራ፦ የሚፈሩትን መጋፈጥ በእርግጥ ምን ያደርጋል?

«የፈራኸውን ግባበት፤ ከገባህ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ታየዋለህ» የሚለው ምክር ዋና ለሚፈራ ልጅ፣ መድረክ ላይ መቆም ለሚያስጨንቀው ተማሪ፣ ሊፍት ከመግባት ስምንት ፎቅ በደረጃ መውጣት ለሚመርጥ ሠራተኛ እኩል ይሰጣል። ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ክርክሩ ያለው ለምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይሠራና ሠርቶ ሲያበቃ ፍርሃቱ የት እንደሚገባ ላይ ነው። በእነዚህ ጥያቄዎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ተሟግተዋል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው ለረጅም ጊዜ ሲሸሹት የኖሩትን ነገር መጋፈጥ ነው፤ ውሻ የሚፈራ ሰው ወደ ውሻ ሲቀርብ እንደማለት። ሁለተኛው ከዚህ በፊት ያልተደረገና ውጤቱ የማይታወቅ ነገር መሞከር ነው፤ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሙያ፣ ተቀምሶ የማያውቅ ምግብ። በዕለት ንግግራችን ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ማስረጃው ግን በአብዛኛው የተሰበሰበው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ስለ ሁለተኛው የሚነገረው ብዙው ነገር ከዚያ የተዋሰ ነው። የዚህ ዳሰሳ ግምገማ ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ የሚል ነው፤ እሱም ሰውየው «ይደርስብኛል» ያለው ሳይደርስ የሚቀርበት ቅጽበት ነው። መጋፈጥም ሆነ አዲስ ነገር መሞከር ያንን ቅጽበት ካላመጣ ድካም ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንቁራሪት እስከ ጥንቸል

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1693 ስለ ልጆች ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ እንቁራሪት የሚፈራን ልጅ እንዴት መርዳት እንደሚቻል ጽፏል። መጀመሪያ ሌላ ሰው እንቁራሪቷን ይዞ ራቅ አድርጎ ያስቀምጣት፤ ልጁ ማየቱን ይልመድ። ከዚያ ቀረብ ብሎ ስትዘል ይመልከት፤ ቀጥሎ በሌላ ሰው እጅ እንደተያዘች ይንካት፤ በመጨረሻ ራሱ ይያዛት። ዛሬ በክሊኒክ የሚዘጋጀው የደረጃ ዝርዝር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ በበኩሉ ሌላ መንገድ ሄዷል። በሽትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ከፍታ ያዞረው ስለነበር በከተማዋ ካቴድራል ማማ ላይ ደጋግሞ እየወጣ ስሜቱ እስኪለቀው መቆሙን በግለ ታሪኩ ተርኳል። አንዱ ደረጃ በደረጃ፣ ሌላው በአንድ ጊዜ ከጫፉ፤ ኋላ ሐኪሞችን ለሁለት የከፈለው ልዩነት በእነዚህ ሁለት ሰዎች ላይ ቀድሞ ይታያል።

ሁሉን በንግግር ይፈታል ተብሎ የሚታወቀው ሲግመንድ ፍሮይድ እንኳ በ1919 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፎቢያ የሚባለው ብርቱ ፍርሃት ያለበትን ሰው የሥነ ልቦና ትንተናው እስኪፈውሰው ቤቱ መጠበቅ እንደማያዋጣና ወደ መንገድ ወጥቶ ከጭንቀቱ ጋር እንዲታገል ማግባባት እንደሚያስፈልግ አምኗል። ሐሳቡን ግን አላሰፋውም።

ጉዳዩን ወደ ቤተ ሙከራ ያስገባው አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን ነው። በ1920 ከሮዛሊ ሬይነር ጋር ሆኖ፣ «አልበርት» ብለው የጠሩት አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከበስተኋላው ብረት በመዶሻ ይመቱ ነበር። ሕፃኑ አይጡን መፍራት ጀመረ፤ ፍርሃቱ ወደ ጥንቸልና ወደ ሌላ ፀጉራም ነገርም ተሻገረ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው አባባላችን የሚናገረው ይህንኑ ነው። ዋትሰንና ሬይነር የተከሉትን ፍርሃት ሳይነቅሉ ሕፃኑ ከነበረበት ሆስፒታል ወጣ። ሙከራው ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚጠቀሰው ባገኘው ውጤት ብቻ ሳይሆን በዚህ ነውሩም ጭምር ነው።

የመንቀሉን ሥራ የጀመረችው ሜሪ ኮቨር ጆንስ ናት፤ ከዋትሰን ያነሰ ስም ቢኖራትም ለዚህ ጥያቄ ከእሱ የበለጠ ትጠቅማለች። በ1924 ያወጣቻቸው ሁለት ጽሑፎች አሉ። በአንደኛው ፒተር የተባለ ሕፃን ጥንቸል መፍራቱን እንዴት እንደተወ ትተርካለች። የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉ በሳጥን ሆኖ ከሩቅ ይገባል፤ ቀን በቀን ይቀርባል፤ በመጨረሻ ልጁ ይዳብሰዋል። በሌላኛው ጽሑፍ የተለያዩ ዘዴዎችን ታነጻጽራለች፤ ዛሬም መነበብ ያለበት ይህኛው ነው። የሚፈራውን ነገር ከልጁ አርቆ ጊዜ መስጠት አልሠራም። ስለ እንስሳው ደግ ደጉን ማውራት ብቻውን አልሠራም። ማሾፍና ማሳፈርም አልሠራም። ጥሩ ውጤት የሰጡት ነገሩን ከሚያስደስት ነገር ጋር ቀስ እያሉ ማቅረብና የማይፈሩ ልጆች ሲጫወቱበት ማሳየት ሁለቱ ነበሩ። ልጅን «ፈሪ!» እያሉ ማጀገን ይቻላል ብሎ የሚያምን ወላጅ ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ተሰጥቶታል።

የፒተር ታሪክ ግን አንድ ቋጠሮ ይዞ ነው የመጣው። ፍርሃቱን ያስለቀቀው ምግቡ ነው? ቀስ በቀስ መቅረቡ ነው? አብረውት የነበሩት የማይፈሩ ልጆች ናቸው? ወይስ ጥንቸሉ አለመንከሱ? ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይህን ቋጠሮ የመፍታት ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

መሰላሉና ጎርፉ

ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ወልፔ በድመቶች ላይ ካደረገው ሙከራ ተነሥቶ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ግልጽ መልስ ሰጠ። ሰው በአንድ ጊዜ ሊዝናናም ሊሸበርም አይችልም፤ ስለዚህ ጡንቻን ማላላት የተማረ ሰው የሚፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በመሰላል ደርድሮ እያንዳንዱን በተረጋጋ አካል በሐሳቡ ቢያየው ፍርሃቱ በመዝናናቱ ይገፋል። ዘዴው በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። በልክ የተቀመጠ ስለነበርም ተመራማሪዎች ክፍሎቹን እየነቀሉ ሊፈትኑት ቻሉ። መዝናናቱ ሲነሣ ውጤቱ ብዙም አልቀነሰም። መሰላሉ ተገልብጦ ከላይ ሲጀመርም ብዙዎች ተሻላቸው። በምናብ ፈንታ በአካል መጋፈጥ ደግሞ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሕክምና በራሱ ደጋፊዎች እጅ እንዲህ ክፍል በክፍል ሲፈታ ማየት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

በ1960ዎቹ ሌላኛው ጫፍ መጣ። አሜሪካዊው ቶማስ ስታምፍል በሽተኛውን ወደ ከባዱ ምስል በአንድ ጊዜ የሚያስገባ ዘዴ አቀረበ፤ ከዚህ ጋር የሚቀራረቡ ዘዴዎች «ጎርፍ» በሚል ስም ይታወቃሉ። ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሜየር በ1966 እጃቸውን ደጋግመው ከመታጠብ መቆም ያቃታቸውን ሕሙማን ከሚጸየፉት ነገር ጋር አገናኝቶ መታጠቡን ከለከለ። መጋፈጡን ብቻ ሳይሆን ከመጋፈጥ በኋላ የሚመጣውን ማምለጫም መዝጋት እንደሚያስፈልግ ያሳየው ይህ ሥራ ዛሬም የዚያ ሕመም ዋና የንግግር ሕክምና መሠረት ነው። በዚያው ከተማ በሞድስሊ ሆስፒታል አይዛክ ማርክስ፣ ከመጋፈጡ በቀር ያለው ሁሉ ጌጥ ነው ወደሚለው አቋም ተጠጋ። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኡስት በ1989 ነገሩን አሳጠረው፤ የተለየ አንድ ፎቢያ ያለበትን ሰው እስከ 3 ሰዓት በሚፈጅ አንድ ቀጠሮ ማከም እንደሚቻል አሳየ።

አልበርት ባንዱራ ግን ሁሉም አንድ ነገር ዘንግተዋል አለ። በ1969 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት እባብ የሚፈሩ ሰዎች ሌላ ሰው እባቡን ሲይዝ አይተው፣ ከዚያ በእሱ እጅ እየተመሩ ራሳቸው ሲይዙት ፊልም ከማየትም በምናብ ከመለማመድም የበለጠ ተሻላቸው። ትርጓሜው የተለየ ነበር፤ የተለወጠው የሰውየው ፍርሃት ሳይሆን «እችላለሁ» የሚለው ግምቱ ነው። ይህ በ1977 የራስ ብቃት እምነት በሚል ንድፈ ሐሳብ ታተመ። ልዩነቱ ለተግባር ይጠቅማል። ፍርሃቱ እስኪለቅ መጠበቅ የለበትም ማለት ነው፤ እየፈራ ማድረግ መቻሉን ካየ በቂ ሊሆን ይችላል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

መውጫውን በትክክል ለማወቅ መግቢያውን ማወቅ ያሻል የሚሉ ብዙ ናቸው። ሆባርት ሞውረር በ1947 ያቀረበው ባለሁለት ደረጃ ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ገዥ ነበር። ፍርሃት በመጥፎ አጋጣሚ ይተከላል፤ በመሸሽ ደግሞ ይጠበቃል። የሸሸ ሰው ወዲያው ይቀልለዋል፤ ቅለቱ ሽሽቱን ይሸልመዋል፤ የሸሸው ነገር በእርግጥ አደገኛ መሆን አለመሆኑን ግን መቼም አይማርም። የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ትችት ደርሶበታል። ሁለተኛው ግማሽ እስካሁን ጸንቷል ማለት ይቻላል።

ትችቱ የመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። ማርቲን ሴሊግማን በ1971 ሰዎች ከኤሌክትሪክ ሶኬት ይልቅ እባብን፣ ከመኪና ይልቅ ከፍታን የሚፈሩት ለምንድን ነው ሲል ጠየቀ፤ መልሱም አእምሮ አንዳንድ ፍርሃቶችን ለመማር የተዘጋጀ ነው የሚል ሆነ። ሱዛን ሚኔካ በቤተ ሙከራ ያደጉ ጦጣዎች በዱር ያደጉት እባብ ሲፈሩ አይተው ፍርሃቱን በፍጥነት እንደሚማሩ አሳየች፤ ፊልም ተቆርጦና ተቀጥሎ አንዲት ጦጣ አበባ የፈራች እንድትመስል ሲደረግ ግን አልተማሩትም። ስታንሊ ራክማን በ1977 ሦስት መንገዶችን ለየ፤ በራስ ላይ የደረሰ፣ በሌላ ሰው ላይ የታየና በወሬ የተሰማ። በሐረር ጀጎል ግንብ ዳር ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ እያየ የሚያድግ ልጅና «አያ ጅቦ መጣብህ» እየተባለ የሚተኛ ልጅ ስለ አንድ እንስሳ የሚማሩት የተለያየ ነው። ይህ በጥናት የተለካ ንጽጽር አይደለም፤ የራክማንን ሁለተኛና ሦስተኛ መንገድ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ማስረጃ የመጣው ከኒውዚላንድ ነው። በ1972 እና በ1973 ዱነዲን ከተማ የተወለዱ ልጆችን እስከ ጉልምስና የተከታተለው ጥናት በ1998 ያወጣው ውጤት፣ ከ9 ዓመታቸው በፊት ከከፍታ ወድቀው ክፉኛ የተጎዱ ልጆች በ18 ዓመታቸው ከሌሎች የበለጠ ከፍታ ፈሪ ሆነው እንዳልተገኙ፣ እንዲያውም ነገሩ በተቃራኒው እንደሚያዘነብል አሳየ። አጥኚዎቹ ያቀረቡት ትርጓሜ የከፍታ ፍርሃት የሚጠብቀው አብዛኛውን ሰው በልጅነቱ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚወጣና አጥር የሚዘል ልጅ እየሞከረ ይተወዋል፤ ያልሞከረው ይዞት ያድጋል የሚል ነው። ሌላ ማብራሪያም ይቻላል፤ ከጅምሩ ደፋር የሆነ ልጅ ነው ብዙ የሚወድቀው። ሁለቱን በዚህ መረጃ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች ግን የመጀመሪያውን ሐሳብ ይዘው፣ ልጆችን ከማንኛውም ጭረት የሚጠብቅ አስተዳደግ ፍርሃትን ያበዛል ወደሚል ክርክር አድርሰውታል።

ይጠፋል ወይስ ይሸፈናል?

የዳሰሳው ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ኤድና ፎአና ማይክል ኮዛክ በ1986 ባወጡት ንድፈ ሐሳብ ፍርሃት በትውስታ ውስጥ ያለ መዋቅር ነው፤ ለመለወጥ መጀመሪያ መቀስቀስ፣ ከዚያ የሚቃረነውን መረጃ ማስገባት ያስፈልጋል። መሳካቱ በሦስት ምልክቶች ይታወቃል፤ ፍርሃቱ ይነሣል፣ በዚያው ቀጠሮ ውስጥ ይበርዳል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የባለሙያው ሥራ ፍርሃቱ እስኪበርድ በሽተኛውን በቦታው ማቆየት ነበር። «አሁን ከመቶ ስንት ነው?» እያሉ መጠየቅ የዚህ ውርስ ነው።

ችግሩ መረጃው እንደተጠበቀው አለመውጣቱ ነው። በቀጠሮው ውስጥ ፍርሃቱ ሳይበርድ የወጣ ሰው ከወራት በኋላ ተሽሎት ይገኛል፤ በደንብ በርዶለት የሄደው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። የካሊፎርኒያዋ ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ በ2008 ይህን ገምግመው፣ በቀጠሮ ውስጥ የሚታየው መብረድ የረጅም ጊዜ ውጤት አስተማማኝ ምልክት አይደለም ሲሉ ደመደሙ።

ማብራሪያውን የሰጡት ከእንስሳት ጥናት የመጡ ሰዎች ናቸው። በውሾች ላይ የተለመደ ምላሽን ያጠናው ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ራሱ በእነሱ ላይ የከሰመ ምላሽ ጊዜ ሲያልፍ ያለ ምንም አዲስ ሥልጠና ተመልሶ እንደሚመጣ ተመልክቶ ነበር። ማርክ ቡተን ደግሞ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መመለሻ መንገዶቹን ዘረዘረ። ጊዜ ሲያልፍ ይመለሳል። መጥፎው ነገር ሳይጠበቅ አንድ ጊዜ ሲደርስ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታ ሲቀየር ይመለሳል፤ አይጧ ፍርሃቷን የተወችው በአንድ ሳጥን ከሆነ ሌላ ሳጥን ስትገባ እንደገና ትፈራለች። ትርጉሙ ከባድ ነው። የድሮው ትምህርት አልተፋቀም፤ በጎኑ ሌላ ትምህርት ተቀምጧል፤ በተወሰነ ቦታና ሰዓት የትኛው ያሸንፋል የሚለው ነው ጉዳዩ።

ክራስክ በ2014 ከዚህ ተነሥታ የሕክምናውን አሠራር የሚቀይሩ ምክሮችን አቀረበች። ግቡ ፍርሃቱን ማብረድ ሳይሆን ግምቱን ማክሸፍ ይሁን። ከመጋፈጡ በፊት ሰውየው ይደርስብኛል የሚለውን በግልጽ ይናገር፤ «እጨነቃለሁ» ሳይሆን «ሊፍቱ ተዘግቶ አየር ያልቅብኛል» ብሎ። ከዚያ ግምቱ በግልጽ የሚፈተንበት ነገር ይደረግ፤ በመጨረሻም የሆነውና የተባለው ጎን ለጎን ይታይ። በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ብቻም ከሰው ጋርም ይደጋገም። የምክሮቹ ሥር ሮበርት ሬስኮርላና አለን ዋግነር በ1972 ባቀረቡት ቀመር ውስጥ ነው፤ እንስሳ የሚማረው ከተጠበቀው የተለየ ነገር ሲያጋጥመው ነው፤ ሁሉ እንደተጠበቀ ከሆነ የሚማረው የለም። ሐሳቡ ያምራል፤ ባለሙያዎችም ወደውታል። በሕሙማን ላይ ከቀድሞው አሠራር ጋር ሲወዳደር ግን ብልጫው ከንድፈ ሐሳቡ የሚጠበቀውን ያህል ጎልቶ አልወጣም። ምናልባት ጥሩ ባለሙያ ስሙን ሳያውቅም ግምትን ሲያከሽፍ ስለኖረ ሊሆን ይችላል።

መፋቅስ ፈጽሞ አይቻልም? በ2000 ካሪም ናደር ከጆሴፍ ሌዱ ጋር ሆኖ ባሳተመው ጥናት አንድ የተቀመጠ የፍርሃት ትውስታ ሲቀሰቀስ እንደገና ለጥቂት ሰዓት እንደሚላላና በዚያ መስኮት ፕሮቲን መሥራት የሚከለክል መድኃኒት አሚግዳላ ወደሚባለው የአይጧ አንጎል ክፍል ሲገባ ትውስታው እንደሚጠፋ ዘገበ። በ2010 በሰው ላይ ያለ መድኃኒት፣ መቀስቀሱንና መጋፈጡን በሰዓት በማቀናጀት ብቻ ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ ተባለ፤ በዓለም ጋዜጦችም «ፍርሃትን መሰረዝ ተቻለ» ተብሎ ተጮኸ። በኋላ ግን ሌሎች ላቦራቶሪዎች ደግመው ሲሞክሩት አንዳንዶቹ አገኙት፣ ሌሎቹ አጡት። የዲ ሳይክሎሰሪን ታሪክም ከዚህ ይመሳሰላል። ይህ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በ2004 የከፍታ ፍርሃት ሕክምናን እንደሚያፋጥን ሲዘገብ ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ጥናቱ ሲበዛ ውጤቱ አነሰ። ጥሩ ባልሄደ ቀጠሮ ላይ ከተሰጠም ጥሩውን ሳይሆን ፍርሃቱን ሊያጠናክር እንደሚችል ታየ።

አዲስነት በራሱ

እስካሁን የተነገረው ስለሚታወቅ ፍርሃት ነው። አዲስነት ራሱስ ምን ይሠራል?

አዲስ ነገር በመጀመሪያ ያስፈራል። የዱር አይጥ በሚያውቀው መንገድ ላይ አዲስ ሳጥን ሲያይ ለቀናት ይሸሸዋል። የሁለት ዓመት ሕፃን ቀምሶት የማያውቀውን ምግብ ይገፋል። ሊያን በርች በ1980ዎቹ ያደረገቻቸው ጥናቶች ሕፃናት አንድን ምግብ ብዙ ጊዜ በቀመሱ ቁጥር እየወደዱት እንደሚሄዱ አሳዩ። ከእነዚህ አንዱ በተለይ ለጥያቄያችን ይቀርባል፤ ምግቡን እያዩ ብቻ የቆዩት ሕፃናት መልኩን ቢለምዱትም ጣዕሙን መውደድ ያመጣው መቅመሱ ነበር። ማየት ማየትን፣ መሞከር መሞከርን ያስተምራል። ሮበርት ዛየንስ በ1968 ትርጉም የሌላቸው ቃላትና የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶዎች በተደጋገሙ ቁጥር ሰዎች የበለጠ እንደሚወዷቸው አሳይቶ፣ ምክንያቱ ከአዲሱ ነገር በኋላ ክፉ አለመምጣቱ ነው ሲል ገምቷል።

የበለጠ የሚገርመው አዲስነት የድሮ ፍርሃትን ለማላቀቅ ሊረዳ ይችላል የሚለው ነው። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ሥራ አይጦች ፍርሃታቸውን በሚተዉበት ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ አዲስ ቦታ ሲያስሱ የመተዉ ትምህርት ጠንክሮ ተገኘ። በ2015 ጆሴፍ ደንስሙርና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አሳዩ። ከአንድ ምልክት በኋላ የሚጠበቀውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ዝም ብሎ ከማስቀረት፣ በቦታው ያልተጠበቀ ጉዳት የሌለው ድምፅ ማስገባት ፍርሃቱ በማግሥቱ እንዳይመለስ የበለጠ ረዳ። «ምንም አልሆነም» ከማለት «ሌላ ነገር ሆነ» የበለጠ ያስተምራል ማለት ነው። ፎቢያ ያለባቸው ሰዎች ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ገና አልተረጋገጠም፤ ግን ሰዎች መጋፈጡን ብቻውን ከማድረግ ይልቅ ከዳንስ፣ ከጉዞ ወይም ከአዲስ ሙያ ጋር ሲያገናኙት ለምን ሊቀላቸው እንደሚችል ለማሰብ መነሻ ይሰጣል።

እዚህ ላይ «ከኮምፎርት ዞንህ ውጣ» የሚለውን የሥልጠና አዳራሽ ንግግር መጥቀስ ግድ ነው። ንግግሩ ብዙ ጊዜ በሮበርት ይርክስና በጆን ዶድሰን የ1908 ጥናት ይደገፋል፤ ትንሽ ጭንቀት ያተጋል፣ የበዛው ያሰናክላል የሚል የተገለበጠ ሳህን የመሰለ መስመር ይሣላል። ጥናቱ ግን ስለ አይጦች ነበር። ጥቁርና ነጭ ሳጥን እንዲለዩ በኤሌክትሪክ ይነዘሩ ነበር፤ ያ መስመር የታየውም ልዩነቱ ሲከብዳቸው ብቻ ነው፤ ሲቀላቸው ንዝረቱ በበረታ ቁጥር ቶሎ ተማሩ። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ሰው ድፍረት ትምህርት መስጠት ከማስረጃው ብዙ ይርቃል።

ምርኩዝ የሚባሉት

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሞክረው አንዱ የሚድንበት ሌላው የማይድንበት ምክንያት አለ። ፖል ሳልኮቭስኪስ በ1991 የጠቆመው ይህንን ነው። ድንገተኛ የጭንቀት ማዕበል የሚይዘው ሰው መርካቶ ይገባል፤ ግን የውሃ ላስቲክ ይዞ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ፣ የሚወስደውን የታክሲ መስመር አስቀድሞ አጥንቶ ነው። ምንም አልሆነም። ትምህርቱ ግን «መርካቶ አያስፈራም» ሳይሆን «ውሃው አዳነኝ» ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ምርኩዝ ከመጀመሪያው ቀን ያስጥላሉ። ራክማንና ባልደረቦቹ ግን በ2008 ይህን ተቃወሙ፤ በመጀመሪያው ቀን ምርኩዝ ካልተፈቀደ ብዙ ሰው በሩን ሳይከፍት ይመለሳል፤ በልክ የተሰጠና በኋላ የሚነሣ ምርኩዝ ጉዳት የለውም አሉ። ክርክሩ ዛሬም ክፍት ነው። ምናልባት ልዩነቱ ያለው በምርኩዙ ዓይነት ላይ ነው፤ ወደ ነገሩ ለመቅረብ የሚያግዝ አንድ ነገር ነው፣ አደጋውን ያስቀራል ተብሎ የሚታመንበት ሌላ።

ፍርሃት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደም ወይም መርፌ የሚፈራ ሰው ልቡ በፍጥነት ከመታ በኋላ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ለእሱ መዝናናት የተሳሳተ ትእዛዝ ነው። ኡስትና ባልደረባው በ1987 ያስተማሩት ተቃራኒውን ነው፤ ክንድና እግርን ማጥበቅ። ሰው ፊት መናገር የሚፈራ ሰው ደግሞ በሳምንት አምስት ጊዜ ስብሰባ ገብቶ ላይሻለው ይችላል። ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ በ1995 እንዳስረዱት ትኩረቱ ወደ ራሱ ድምፅ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ስለሚዞር በአድማጩ ፊት ላይ ያለውን አያይም፤ ግምቱ የሚከሽፍበት መረጃ አጠገቡ ሆኖ ያመልጠዋል። ለእሱ መድገም ብቻ በቂ አይሆንም፤ ዓይኑን ወደ ውጭ ማዞር ያስፈልገዋል።

ማን ይሞክር፣ ማን ያሞክር?

መጋፈጥ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ለፎቢያ፣ ለማያቋርጥ የመታጠብና የመፈተሽ ሕመም፣ ለድንገተኛ የጭንቀት ማዕበልና ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው የንግግር ሕክምናዎች አንዱ ነው። እንዲህም ሆኖ ብዙ ባለሙያዎች አይሰጡትም። በ2004 በአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች ላይ የተደረገ ዳሰሳ ከአደጋ በኋላ ለሚመጣው ሕመም የሚጠቀሙበት ጥቂቶች መሆናቸውን አሳየ፤ በ2013 ደግሞ ባለሙያዎች ስለ ዘዴው ያላቸውን ስጋት የሚለካ መጠይቅ ተዘጋጀ። በሽተኛው ይሰበራል፣ ይሸሻል፣ ጭካኔ ነው የሚል ስጋት ያለው ባለሙያ ዘዴውን ያለሰልሰዋል፤ ሲያለሰልስ ግምቱ ሳይከሽፍ ይቀራል። ፍርሃትን የሚያክመው ሰው ራሱ የሚሸሸው ነገር አለው ማለት ነው። ለዚህ አንዱ መልስ የመጣው ከማሽን ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2018 ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ ባወጡት ጥናት ከፍታ የሚፈሩ ሰዎች ያለ ባለሙያ፣ በኮምፒዩተር በተሠራ አሠልጣኝ እየተመሩ በምናባዊ ሕንፃ ላይ ወጥተው ፍርሃታቸው በግልጽ ቀነሰ።

ባለሙያ ጥቂት በሆነበት የእኛ ዓይነት አገር የሚቀርበው ግን ሌላኛው መልስ ሳይሆን አይቀርም። በኡጋንዳ የስደተኞች መንደር የጀርመን ተመራማሪዎች በ2004 ለሱዳናውያን፣ በ2008 ደግሞ ለሩዋንዳና ለሶማሊያ ስደተኞች ያቀረቡት ዘዴ፣ ሰውየው የሕይወቱን ታሪክ ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል እንዲተርክና ክፉዎቹን ቀናት ሳይዘል በዝርዝር እንዲያልፍባቸው የሚያደርግ ነው። በሁለተኛው ጥናት ሕክምናውን የሰጡት ከስደተኞቹ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ውጤቱም ጥሩ ነበር። ባለዲግሪ ባይሆኑም ቋንቋውንና መንገዱን ያውቃሉ።

አንድ ድንበር ግን መጥፋት የለበትም። ዘዴው ሁሉ የቆመው አደጋው ከፍርሃቱ ያነሰ ነው በሚል መነሻ ላይ ነው። አሠሪዋ የሚመታትና ፓስፖርቷን የያዘባት የቤት ሠራተኛ ፍርሃቷ ትክክለኛ መረጃ ነው፤ እሷን «ተጋፈጪው» ማለት ሕክምና አይደለም። ጦርነት ባለበት አካባቢ ለሚኖር ሰውም እንዲሁ ነው። የዚህ ዘርፍ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት አደጋው ባለፈበት፣ ሰላም ባለበት ቦታ ነው፤ አደጋው በከፊል እየቀጠለ ባለበት ቦታ ምን ያህል ይጸናል የሚለው ገና በቂ መልስ አላገኘም።

ከቡተን ሥራ የሚነሣ አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ወገኖችን በቀጥታ ይመለከታል። አዲሱ ትምህርት በተማረበት ቦታ የታሰረ ከሆነ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴልአቪቭ ውስጥ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ወንበር ላይ የከሰመ ፍርሃት፣ ሰውየው አውሮፕላን ተሳፍሮ ፍርሃቱ ወደ ተተከለበት ሰፈር፣ ወደ ተተከለበት ቋንቋና ሽታ ሲመለስ ምን ይሆናል? በአይጦች ላይ የተገኘው ይመለሳል የሚል ነው። ጥያቄውን በሰው ላይ ለመመለስ የሕክምናውን ቋንቋና የመመለሻውን ቦታ እያፈራረቁ የሚከታተል ጥናት ይፈልጋል፤ ያ እስኪሠራ የሚቻለው ከቀጠሮዎቹ ጥቂቶቹ በአማርኛ፣ ጥቂቶቹም ከቤተ ሰብ ጋር በስልክ እንዲሆኑ ማድረግ ነው።